ኪንታሮት ነው ብሎ ማለፍ ይቅር

መቂ ላይ ሽንኩርት ሲጫን ያየ ሰው የከተማዋን ጉልበት አይቷል። ጎሕ ሲቀድ አይሱዙዎቹ ተደርድረው ይቆማሉ። ጫኝና አውራጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሆዳቸውን አጥብቀው ጆንያውን ከመሬት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ መኪናው ያሳልፉታል። የቲማቲሙ ሣጥን ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ሹፌሮቹ ገና ከመንጋቱ ጫታቸውን ይዘው ከመሪው ፊት ተቀምጠዋል፤ ሌሊቱን ሲነዱ ያደሩም አሉባቸው። ባጃጆቹ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከአስፋልት አይጠፉም።

እዚያው ጎዳና ዳር፣ በመብራት ምሰሶ ላይ፣ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ትታያለች። «ኪንታሮት ያለ ቀዶ ጥገና እናድናለን» ትላለች፤ ከሥሯ ስልክ ቁጥር አለ። ባቱም፣ ሞጆም፣ አዳማም የዚችው ወረቀት እኅቶች አሉ። ቆሞ የሚያነባት ሰው አይታይም፤ ቁጥሩን ግን ብዙ ሰው በስልኩ ይዞታል።

ስለ ኪንታሮት ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይገድልም። እኔን የሚያስፈራኝ ሰው ሳይመረመር «ኪንታሮት ነው» ብሎ በራሱ ላይ መፍረዱ፣ ከዚያም ኀፍረት ይዞት በድብቅ የሚያደርገው ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኪንታሮት ከውጭ መጥቶ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። በፊንጢጣችን ዙሪያ ሁላችንም ይዘነው የምንወለደው፣ በደም ሥር የተሞላ ለስላሳ ሥጋ አለ። ሥራው መውጫውን ገጥሞ መያዝ ነው። ይህ ሥጋ ሲያብጥና ከቦታው ተንሸራቶ ወደ ታች ሲወርድ ያን ጊዜ ኪንታሮት እንለዋለን። ውስጠኛው ብዙ ጊዜ አያምም፤ ምልክቱ ከዐይነ ምድር በኋላ የሚንጠባጠብ ደማቅ ቀይ ደም ነው። ውጨኛው ግን ስሜቱ ስል በሆነ ቆዳ ሥር ስላለ፣ በተለይ ደም ሲረጋበት፣ መቀመጥ ያስከለክላል።

ዋናው አምጪው ድርቀትና ማማጥ ነው። እዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ኑሮ ለሕመሙ ይመቸዋል። ሙቀቱ ውሃን ከሰውነት ይመጥጣል፤ የባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ መንገድ ላይ ሽንት ቤት ስለማያገኝ ውሃ መጠጣት ይፈራል። ከባድ ሸክም የሆድ ውስጥ ግፊትን ይጨምራል። ጫት ሆድ ያደርቃል፤ በየመን ሰንዓ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አዘውትረው በሚቅሙ ሰዎች ላይ ኪንታሮት ከማይቅሙት እጅግ በልጦ አግኝቶታል። ነፍሰ ጡሮችም አሉ። ማሕፀኑ እየከበደ ሲሄድ የታችኛውን ደም ሥር ይጫነዋል፤ ለደም ማነስ የሚሰጣቸው የአይረን ኪኒን ደግሞ ሆድ ያደርቃል። ኪኒኑን ማቋረጥ የለባቸውም፤ ነገር ግን ከኪኒኑ ጋር ውሃና ጎመን እንዲያበዙ ማን ነገራቸው?

አንድ የማውቀው ባጃጅ ነጂ ነበረ። ወንበሩ ላይ ወደ አንድ ጎኑ አዘንብሎ ይቀመጣል። «ምነው?» ሲሉት «ወገቤን ነው» ይላል። ለሚስቱም ያላት ይህንኑ ነው። ደም ማየት ከጀመረ ከርሟል፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በኋላ ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታበት፣ ዐይኑ ይጨልምበት ጀመር። ወደ ጤና ጣቢያ የሄደው ለልቡ ነው። የደም ምርመራው ያሳየው ግን ብርቱ የደም ማነስ ነበር፤ ሐኪሙ ጥያቄውን ከላይ ወደ ታች እያወረደ ሲሄድ የተደበቀው ወጣ። እሱ ዕድለኛ ነው፤ እውነትም ኪንታሮት ነበረና ታክሞ ዳነ።

ሁሉም ግን እንደሱ አይቀናውም። ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለምና። መቂ የምትገኘው ከደምበል ሐይቅ አጠገብ ነው። ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው የመቂ ወንዝም የሚገባው እዚያው ነው። በሐይቁ ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዝያ መኖሩ በተደጋጋሚ ጥናት ተረጋግጧል። ዓሣ አጥማጁ፣ በባዶ እግሩ ቦይ የሚቀድደው፣ ልብሷን ሐይቁ ዳር የምታጥበው፣ እየዋኘ የሚውለው ልጅ፣ በውሃው ውስጥ ካለው ቀንድ አውጣ የወጣው ትል በቆዳቸው ይገባል። ትሉ አንጀት ሲጎዳ ደም የተቀላቀለበት ዐይነ ምድር ያመጣል። ለዚህ ሕመም ፕራዚኳንቴል የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ የኪንታሮት ቅባት ለአንድ ዓመት ቢቀቡት ምንም አይረዳው። አሜባም እንዲሁ ደም ያስቀምጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ካንሰር ነው። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በአገራችን ወንዶችን ከሚያጠቁት ካንሰሮች ከፊተኞቹ ይመደባል፤ ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸውንም ሰዎች ይይዛል። ኪንታሮት ወደ ካንሰር አይለወጥም። ነገር ግን ሁለቱም ደም ያሳያሉ፤ ካንሰሩ ኪንታሮት ተብሎ እቤት ሲታለፍ በጊዜ ቢደረስበት ሊቆረጥ የሚችለው እጢ ሥር ይሰድዳል። ደሙ ከዐይነ ምድሩ ጋር ከተቀላቀለ ወይም ከጠቆረ፣ የሆድ ጠባይ ከተለወጠ፣ ከተጸዳዱ በኋላም ያልወጣ ነገር ያለ ከመሰለ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ በቤተሰብ ውስጥ ይህ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ አንድ ቀን ማደር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ምሰሶዋ ወረቀት ልመለስ። ወደ ቁጥሩ የደወለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የሚያቃጥል ዱቄት ወይም ቅባት ነው። ያበጠው ሥጋ ላይ ይደረጋል፤ ሰውየው ለቀናት እሳት ላይ እንደተቀመጠ ይሆናል፤ ከዚያ ሥጋው ጠቁሮ፣ ደርቆ ይወድቃል። «ወደቀልኝ» ይላል፤ ለወዳጁም ቁጥሩን ይሰጣል። መድኃኒቱ ግን የታመመውን ካልታመመው አይለይም። ጤነኛውንም ቆዳ ይበላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው እየተኮማተረ መውጫውን ያጠብበዋል። ከወራት በኋላ ሰውየው ዐይነ ምድሩ እንደ ክር ቀጥኖ፣ በእያንዳንዱ ቀን እያማጠና እያለቀሰ ሆስፒታል ይደርሳል። ቀዶ ጥገና ፈርቶ የሸሸው ሰው ከመጀመሪያው የከበደ ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል። ቃጠሎው እስከ ጡንቻው ከዘለቀ ደግሞ ዐይነ ምድርን መቆጣጠር እስካለመቻል ይደርሳል።

ይህን የምለው የአገር መድኃኒትን ንቄ አይደለም። ቢልሃርዝያን ካነሣሁ ዘንድ ዶክተር አክሊሉ ለማን ማንሣት ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ያየውን ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ፤ እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። የእናቶቻችን ዕውቀት የከበረው ተመዝኖ፣ ተለክቶ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ በአደባባይ ስለተነገረ ነው። የምሰሶው ዱቄት ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚደረግ፣ ጉዳት ቢያመጣ ማን እንደሚጠየቅ አንድም የተነገረ ነገር የለም።

ሰው ከሐኪም የሚሸሸው ምርመራውን ስለሚፈራ ይመስለኛልና፣ ምን እንደሚደረግ በግልጽ ልጻፈው። በሩ ይዘጋል። ሕመምተኛው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ። ሐኪሙ ጓንት ያጠልቃል፤ መጀመሪያ ከውጭ ያያል፤ ቀጥሎ የሚያንሸራትት ቅባት በጣቱ አድርጎ ቀስ ብሎ ይዳስሳል። «ትንፋሽህን ወደ ውጭ ልቀቀው» ይላል። መሣሪያ ካለ አጭር ቱቦ አስገብቶ በብርሃን ያያል። ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ይከብዳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እነዚያ ደቂቃዎች ኪንታሮቱን ከፊንጢጣ ስንጥቅ፣ በፊንጢጣ ዙሪያ ከሚከፈት ቀዳዳ (ፊስቱላ)፣ ከእጢ ይለያሉ። የደም ማነስና የዐይነ ምድር ምርመራ ሲጨመርበት ብዙው ነገር ይገለጣል። ከዚህ በላይ ማየት ሲያስፈልግ ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀት ወደሚታይበት ሆስፒታል ይላካል።

ኪንታሮት መሆኑ ከታወቀ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ማዕድ ላይ ነው። ጤፍ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ ያግዛል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እዚሁ መቂ ምድር የሚበቅለው ጥቅል ጎመን ሁሉም ዐይነ ምድርን ያለሰልሳሉ። ሆቴል ለሆቴል የሚውለው ሹፌር ግን በነጭ ዳቦ፣ በፓስታና በሥጋ ነው የሚውለው። ተልባ እናቶቻችን የሚያውቁት ደኅና መድኃኒት ነው፤ ከብዙ ውሃ ጋር መጠጣት አለበት። ዐይነ ምድር ሲመጣ ሳይዘገዩ ሽንት ቤት መሄድ፣ እዚያም ስልክ ይዞ አለመቆየት፣ አለማማጥ። ከተጸዳዱ በኋላ ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ላይ ሞልቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። በረኪናም ሆነ ሌላ የሚያቃጥል ነገር አይጨመርበትም።

ሐኪሞች ውስጠኛውን ኪንታሮት በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ደም ብቻ የሚያሳየው አንደኛ፣ ወጥቶ በራሱ የሚመለሰው ሁለተኛ፣ በእጅ ተገፍቶ የሚገባው ሦስተኛ፣ ገፍተውትም የማይገባው አራተኛ ነው። ምግብና ውሃ ካልበቃቸው ለብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የላስቲክ ቀለበት ይጠቅማል። ትንሿ ቀለበት ሕመም ከማይሰማበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ የኪንታሮቱን ሥር ታንቃለች፤ ሥጋው ደም ሲያጣ በሳምንት ገደማ በራሱ ይወድቃል። ትኩሳት፣ ሽንት መከልከል ወይም ብርቱ ሕመም ከተከተለ ግን ወዲያው መመለስ ያስፈልጋል። ቢላ የሚጠብቀው በጣም የከፋውን ጥቂቱን ሕመምተኛ ነው። ያም ቢሆን ሚሊጋንና ሞርጋን የተባሉ የለንደን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1937 ያስተዋወቁት፣ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ድንገት የወጣና እንደ ወይን ፍሬ የጠቆረ፣ የሚያስጮህ እባጭ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሐኪም ጋ የደረሰ ሰው ፈጥኖ ያርፋል።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ የሚያልፈው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ እስከ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅም ይደርሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለው ገበሬ በዚህ መሥመር ሲታከም ወጪው እንደሚሸፈንለት ማወቅ አለበት።

የሐኪሙም ድርሻ አለ። ደም ያነሰውን ሹፌር፣ የወለደችውን እናት «ዐይነ ምድር ላይ ደም አይተሃል? አይተሻል?» ብሎ እሱ ቀድሞ ይጠይቅ፤ ኀፍረቱን የሚሰብረው ጠያቂው ነው። መጋረጃ የሌለው የምርመራ ክፍል ሕመምተኛ እንደሚያባርር የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ይወቁት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ሽንት ቤት ቤት ለቤት ያስተማሩ ናቸው፤ ስለዚህ ሕመም ለመናገርም ከእነሱ የተሻለ ሰው የለም። ተቆጣጣሪዎችም የሚያቃጥለውን ዱቄት የሚሸጠውን ሰው በዝምታ አይለፉት። የባጃጅና የጫኝና አውራጅ ማኅበራት አባሎቻቸውን በየስብሰባው ሲያገኙ ለዚህ አሥር ደቂቃ ቢሰጡ የብዙ ሰው መከራ ያጥራል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስንል አድገናል። ጋሼ፣ ጭነቱን አራግፈህ ስትመለስ ጎራ በል። እትዬ፣ ልጅሽን ስታስከትቢ የራስሽንም ተናገሪ። ደሙ ከየት እንደሚመጣ ከውጭ ሆኖ መገመት አይቻልም፤ የሚያውቀው ጓንት አጥልቆ የመረመረው ባለሙያ ነው። ደም ያየ ሰው ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን፣ ባያምምም፣ በዚህ ሳምንት ሄዶ ይታይ።