ገምቶ ከመጻፍ ጠይቆ ማወቅ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ሆኖም ቴርሞሜትሩን እያየ በሪፖርቱ ላይ 100 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም፤ መጽሐፉ እንዲያ ይላልና።

ይህ አመል በኮምፒዩተርም አለ። አንድ መሣሪያ የፕሮሰሰሩን ትኩረት ሲሻ የሚያሰማው ጥሪ ኢንተራፕት ይባላል፤ ጥሪው የሚታወቀውም በቁጥር ነው። መሣሪያውን የሚያሠራው ድራይቨር ይህን ቁጥር ካላወቀ ጥሪው ሰሚ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ 8 የጥሪ መስመሮች ብቻ ነበሩት። ቁጥሩ በካርዱ ላይ ባለ ጃምፐር ይወሰን ስለነበር ፓራለል ፖርት በልማድ 7ን ይዞ ኖረ።

እኛም በአንድ ወቅት የፔንዱለምን ዑደት ለመለካት የብርሃን ዳሳሽ ከአሮጌ ኮምፒዩተር ፓራለል ፖርት ጋር አገናኘን። ድራይቨራችን በ7 ይጠብቃል፤ ካርዱ በ5 ይጣራል። ስሕተቱን ከሽቦው ስንፈልግ ግማሽ ቀን አለፈ።

የሊኑክስ ከርነል ለእንዲህ ያለው ችግር ያዘጋጀው ዘዴ የተሟላ የፊዚክስ ሙከራ ነው። ከርነሉ ባለቤት የሌላቸውን መስመሮች ይከፍታል፤ በራሳቸው የሚጮኹትን ከቆጠራው ያወጣል። ድራይቨሩ መሣሪያውን ሆን ብሎ ያስጮኸዋል፤ ከዚያም የትኛው መስመር እንደ ጮኸ ይጠይቃል። አንድ ብቻ ከሆነ መልሱ የመስመሩ ቁጥር ነው፤ ምንም ካልተሰማ 0፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ ነጌቲቭ ቁጥር። ከርነሉ ካልለየ አልለየሁም ይላል እንጂ አይገምትም።

ከዚያ ወዲህ በመጣው ፒሲአይ ድራይቨሩ ቁጥሩን የሚቀበለው ከከርነሉ ነው፤ በቁጥሩም ጥሪ እንዲደርሰው ይመዘገባል። አንድን መስመር ብዙ መሣሪያዎች ከተጋሩም እያንዳንዱ ድራይቨር የጠራው የራሱ መሣሪያ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጣል።

"ይህ የኮምፒዩተር ሳይንስ ጉዳይ ነው፤ የፊዚክስ ተማሪ ምን አገባው?" የሚሉ ባልደረቦች አሉን። በእኛ እምነት ግን ያገባዋል። ዛሬ መረጃችንን የሚሰበስቡልን ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ ጥሪው ሲጠፋ ልኬቱም አብሮ ይጠፋል፤ ስሕተቱንም የሚናገር የለም። ስለዚህ አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ወደ መጋዘን ከመጣላቸው በፊት አንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይሰጥ እንላለን። የመሣሪያውን ቁጥር ከራሱ ከመሣሪያው ጠይቆ ያገኘ ተማሪ፣ ነገ ውሃ ሲያፈላ የሚጽፈው ያየውን 93 እንጂ የሸመደደውን 100 አይሆንም።