ወጌሻውም ትምህርት ቤት ይግባ

የጅማና የቡታጅራ መንገዶች የሚለያዩት ዓለም ገና ላይ ነው። እኔም የምኖረውና የምሠራው እዚሁ ነው፤ ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ሥራ የጎዳው ነው፦ ሌሊት ተነሥቶ አሸዋ የሚያመላልስ የሲኖትራክ ሾፌር፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ፊት ቆማ የምትውል ልጅ፣ አጎንብሳ አበባ ስትቆርጥ የምትውል እናት፣ ከሕንፃ መወጣጫ የወደቀ የቀን ሠራተኛ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ልብሳቸውን ሲያወልቁ ጀርባቸው ላይ ክብ ክብ የጠቆረ ምልክት የማገኝባቸው በዝተዋል። ዋግምት ታግመው ወይም የቻይና መርፌ ተወግተው የመጡ ናቸው። አንድ በሰል ያሉ ሾፌር «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ የቻይናው መርፌ ይሻለኛል ወይስ ያንቺ ስፖርት?» ብለው ጠይቀውኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ስለሆነ መልሴን በጋዜጣ ልጻፈው።

መርፌው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከሄናን ክፍለ ሀገር የሚላኩ የቻይና ሐኪሞች ከ1974 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) እየተፈራረቁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርተዋል። ዛሬ ሰው ይበልጥ የሚያውቀው አቃቂ ቃሊቲ ያለውን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልን ነው። ቻይና ያሠራችው ይህ ሆስፒታል የተሰየመው በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ባመጣችው በጥሩነሽ ዲባባ ነው። ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ቀን በታክሲ መንከራተት አለ። ወገቡን የሚያመው ሰው ያን ያህል የሚንከራተተው ተስፋ ቢያደርግ ነው።

የቻይናው መርፌ፣ ማለትም አኩፓንቸር፣ ሐኪም ቤት እንደምናውቀው መርፌ አይደለም። ውስጡ ክፍት ያልሆነ፣ መድኃኒት የማይገባበት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው። ሰውነት ላይ ተሰክቶ እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ አንዳንዴም ቀላል ኤሌክትሪክ ይያያዝበታል። ከእሱ ጋር ቱይና የሚሉት መታሻ አለ፣ በብርጭቆ የሚደረግ ዋግምት አለ፣ ሞክሳ የሚሉትን ደረቅ ቅጠል እያጨሱ ሕመሙ ያለበትን ቦታ ማሞቅም አለ። ይህ ቅጠል የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው፤ እናቶቻችን መዓዛውን ቢያሸቱት አይጠፋቸውም።

ይሠራል ወይ? በጀርመን 1,162 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያሳተፈ ጥናት በ2007 ታትሟል። ሕመምተኞቹን በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹን ቻይናዎቹ በሚያዝዙት ነጥብ ላይ ወጓቸው፤ ሁለተኛዎቹን ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን ወጓቸው፤ ለሦስተኛዎቹ የተለመደውን መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና እንቅስቃሴ ሰጧቸው። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 47.6፣ ከሁለተኛዎቹ 44.2፣ ከሦስተኛዎቹ 27.4 በመቶው ተሽሏቸው ተገኙ። የእኔ ሙያ ያለው ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ነው፤ ቢሆንም ቁጥሩን አልሸሸውም። መርፌው ከተለመደው ሕክምና በልጧል። መርፌው የት ቦታ መሰካቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም፤ ከተወጉት ደግሞ ግማሽ የሚሆኑት አልተሻላቸውም። እንግዲህ ሦስቱንም አንድ ላይ መናገር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 መጨረሻ ስለ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ አኩፓንቸርን ሊሰጡ ከሚችሉ ሕክምናዎች መካከል አስገብቶታል፤ ከትምህርት፣ ከእንቅስቃሴና ከሥነ ልቦና እርዳታ ጎን እንጂ ለብቻው አላስቀመጠውም።

ለእኛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚህ የወገብ ሕመም ዋናው መድኃኒት ከፋርማሲ የሚገዛ ዳይክሎፌናክ ነው። ሾፌሩ እንክብሉን ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ጠዋት ይውጣል፣ ማታ ይውጣል፣ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ጨጓራው ይቆስላል፣ ደም ግፊት ካለበት ኩላሊቱ ይጎዳል። በንጹሕ መርፌ፣ በሠለጠነ እጅ የተሰጠ አኩፓንቸር እንክብሉን ለማስቀነስ ከረዳና ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ሰውየው መንቀሳቀስ ከጀመረ፣ እኔ በደስታ እቀበለዋለሁ። ለጠየቁኝ ሾፌርም የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው፦ መርፌው ሕመሙን ያስታግስልዎት፣ ወገብዎን የሚያጠነክረው ግን እንቅስቃሴው ነው።

ለጉዳት ማገገሚያ ሲሆን ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሮጡ ልጆች ቋንጃቸው ወይም የተረከዛቸው ጅማት ሲጎዳ ዋግምት ፍለጋ ይሄዳሉ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የዋግምቱን ክብ ምልክት ትከሻው ላይ ይዞ ወርቅ ሲያጠልቅ ዓለም ሁሉ አይቷል፤ ወጣቱም ከእሱ ተማረ። ዋግምት ጡንቻን ለጊዜው ያላላ ይሆናል፤ የተጎዳ ጅማትን ግን አይጠግንም። ለተረከዝ ጅማት የሚታወቀው ሕክምና ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ማውረድ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። አሰልቺ ነው፣ ምልክትም አይተውም፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ሯጩን ወደ ሜዳ የሚመልሰው ግን ይህ ነው።

ዋግምት ከቻይና የመጣ የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። እኛ ዘንድ በቀንድ ሲታገም የኖረ ሕክምና ነው። የእኛው ግን ቆዳን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ ደም ያወጣል፤ ምላጩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ አብሮ ሊተላለፍ ይችላል። ወጌሻውም እንዲሁ ነው። ከመገጣጠሚያው የወለቀን ትከሻ በእጁ ዳብሶ የሚመልስ፣ እኔ ራሴ እጁን የማደንቅለት ወጌሻ አለ። የተሰበረውን የልጅ ክንድ በቀርከሃ አጥብቆ አስሮ፣ ጣቶቹ ሲጠቁሩ እያየ «ይታገሥ» የሚልም አለ። ደም የተቋረጠበት ክንድ ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ለሐኪሙ የሚቀረው መቁረጥ ነው። በዚህ ምክንያት እጁን ያጣ ልጅ ማየት አሁንም አልለመድኩትም፣ መልመድም አልፈልግም።

እዚህ ላይ ነው ቻይናን ማየት የሚገባን። ቻይናዎች በ1956 ቤጂንግን፣ ሻንጋይን፣ ጓንግዡንና ቼንግዱን ጨምሮ የባህል ሕክምና ኮሌጆችን ከፈቱ፤ በአባትና በልጅ መካከል ይተላለፍ የነበረው ሙያ ፈተናና ዲፕሎማ ኖረው። የወባ መድኃኒት ትፈልግ የነበረችው ተመራማሪ ቱ ዩዩ በአራተኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ስታነብ የአንድ ተክል ቅጠል በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ መጭመቅ የሚል ምክር አገኘች። ማፍላቱ መድኃኒቱን ሳያጠፋው አይቀርም ብላ በኤተር፣ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። እንዲህ የተገኘው አርቴሚሲኒን በ2015 የኖቤል ሽልማት አሰጣት። እኛም ከ2004 ጀምሮ ለወባ የምንውጠው ኮአርተም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ተክሉም የጭቁኛችን ዘመድ ነው። ከተመረመሩት ብዙ ቅጠሎች አብዛኞቹ ወድቀዋል። ያለፈውም ቢሆን ያለፈው ተመርምሮ ነው።

እኛ ዘንድስ ይቻላል? ይቻላል፤ ተሞክሯልም። አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወጌሻዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጡ እጆችና እግሮች መቀነሳቸውን አሳይቷል። የአንድ ቀን ሥልጠና! ማሽን አልተገዛም፣ ሕንፃ አልተሠራም። ይህ ከታተመ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በሸገር ከተማም ሆነ በየወረዳው በየዓመቱ መሰጠት የነበረበት ሥልጠና ነው።

ወጌሻን በማሳደድ የሚገኝ ነገር የለም። ቅርብ ነው፣ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ሌሊት ይነሣል፣ ሰው ያምነዋል። እኔ የምለው ይመዝገብ፣ ይሠልጥን፣ የማያክመውን ለይቶ እንዲልክ ይማር ነው። ጣት ሲቀዘቅዝና ሲደነዝዝ ማሰሪያ መፍታትን፣ አጥንት ቆዳ ቀዶ ሲወጣ እጅ አለመንካትን ይማር። አኩፓንቸርና ዋግምት የሚሰጥ ቤትም ቻይናዊ ይሁን ኢትዮጵያዊ፣ ባለሙያው የተማረበትንና የሙያ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ይስቀል፤ ማንንም ከመውጋቱ በፊትም ይመርምር። ጀርባውን ደጋግሞ የታገመ፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ የከሳ ወጣት ወደ እኔ መጥቶ ያውቃል። ሕመሙ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነበር። ብርጭቆው ወራት በላበት፤ እግሩ ሳይሰንፍ መድኃኒት የጀመረው ለጥቂት ነው። ቲቢ በሞላበት አገር ስለ እነዚህ ምልክቶች ሳይጠይቁ ጀርባ መንካት አይገባም።

ጤና ሚኒስቴርና የኦሮሚያ ጤና ቢሮ የአንድ ቀኑን ሥልጠና ዘንድሮ ይጀምሩት። እናንተ አንባቢዎች ደግሞ መርፌ ስትወጉ እሽጉ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት፣ ሲያበቃም ይጣል። ምላጭ ከሆነ እምቢ በሉ። ወገባችሁን እያመማችሁ እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ሽንታችሁን መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ወደ ወጌሻም ወደ ቻይና መርፌም ወደ እኔም አትምጡ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግቡ።