ቤንዚኑ ተቆጠረ፤ ሰዉስ?

የሞተረኞች ቡድን የሳምንት መጨረሻ ጉዞ ሲያቅድ የሚነሱት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ስንት ሞተር ይወጣል? ቅዳሜ ጠዋት የሚገናኙት መገናኛ ነው ወይስ ኮተቤ? ትርፍ ቤንዚን ማን ይይዛል? ጎማ ቢተነፍስ መለጠፊያው ማን ጋ ነው? ምሳ ሱሉልታ ይሁን ወይስ ሰንዳፋ? ቪዲዮውን ማን ይቀርጻል? ሁሉም መልስ ያገኛል፤ ገንዘብ ይዋጣል፤ ዕቅዱም አለቀ ይባላል።

ከዝርዝሩ የሚጎድለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። መንገዱ ላይ ማን አለ?

ይህን ያልጠየቀ ዝግጅት የምሳ መዋጮ እንጂ የጉዞ ዕቅድ ሊባል አይችልም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ ከኮተቤና ከካራ በላይ ወደ የካ ተራራ፣ ከዚያም በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ የሚወስዱትን ቀጫጭን መንገዶች ማንም ለሞተር ብሎ አልጠረጋቸውም። የሰውና የአህያ እግር የሠራቸው ናቸው። ሞተረኛው "ትሬይል" እያለ የሚጠራው፣ ሌላው ሰው ወደ ሥራው፣ ወደ ጸበሉና ወደ ቤቱ የሚሄድበት መንገድ ነው።

የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ እናቶች የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ከእነሱ መካከል ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና የተሻገሩ፣ በማኅበር ተደራጅተው የእጅ ሥራቸውን የሚሸጡ አሉ። ቁልቁለቱን ዛሬም በሸክም የሚወርዱት ግን አልጠፉም። አንዲት እናት ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ አዝላ፣ ወገቧን አጥፋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው የምትወርደው። የሸክሙ ወርድ ከመንገዱ ወርድ ይበልጣል። ቀና ብላ ማየት አትችልም። ወደ ጎን መዝለልማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

አሁን ስሌቱን እንሥራ ቢባል ከባድ አይደለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። የሰው ልጅ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በጫካ ውስጥ ያለ መታጠፊያ ደግሞ 20 ሜትር እንኳ አሻግሮ የማያሳይበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሞተረኛው ፍሬን ሲነካ ከርቀቱ ግማሹ አልቋል፤ የቀረውም ግማሽ ልቅ አፈርና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ጎማ አይዝም። በዚህ ቦታ "ጎበዝ ነጂ ነኝ" የሚል መልስ ዋጋ የለውም። ጉብዝና የሚታየውን ለማለፍ ይረዳ ይሆናል፤ የማይታየውን ግን አያስቆምም።

ሸክም ያለባት እናት ብቻዋን አይደለችም። ማለዳ ላይ አትሌቱ አለ። ኢትዮጵያ በዓለም አደባባይ ስሟ የተጠራበት ሩጫ ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋና የሚያልፍ ኮረብታ ነው። ልጆቹ በጠባቡ መንገድ ተከታትለው፣ ተነፋፍሰው ይሮጣሉ። ጭነት የያዘ አህያ አለ፤ የሞተር ድምፅ ከኋላው ሲያጓራ ደንብሮ ባለቤቱን ይዞ ገደል ይገባል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ አለ። ምእመኑም አለ፦ በ21 ወደ እንጦጦ ማርያም፣ በ16 ወደ ኪዳነ ምሕረት፣ በ12 ወደ ሚካኤል። በእነዚህ ቀናት ሽማግሌና ሕመምተኛ ሳይቀር ተራራው ላይ ይወጣል። የቀን መቁጠሪያ ላይ ቅዳሜ መሆኑን ብቻ አይቶ 21 መሆኑን ያላየ አቃጅ ምን ዓይነት አቃጅ ነው?

"ተራራው የሁሉም ነው" የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። እውነት ነው፣ የሁሉም ነው። ችግሩ ያ "ሁሉም" ሞተሩ ሲነሳ ወደ ስድስትና ሰባት ሰው ማነሱ ነው። የጋራ መንገድ ላይ ከሁሉ የፈጠነውና የከበደው ነው ለደካማው መጠንቀቅ ያለበት። በከተማ አስፋልት ላይ አይሱዙ ሞተረኛውን ወደ ጥግ ሲገፋው ሞተረኛው ይጮኻል፤ መጮኹም ትክክል ነው። ታዲያ ያው ሰው ተራራው ላይ ሲወጣ ለምን ራሱ አይሱዙ ይሆናል?

የመሬቱም ጉዳይ አለ። እንጦጦ የውኃ ክፍልፋይ ነው፤ በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ዓባይ ተፋሰስ፣ በደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቀበና ወንዝ ከዚሁ ተነስቶ ነው ከተማውን ሰንጥቆ የሚወርደው። በባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደ ልብ ስለማይበቅል አፈሩ ከመጀመሪያውም ራቁቱን ነው። ባለ ጥርስ ጎማ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ደጋግሞ ሲወጣበት የውኃ መሄጃ ቦይ ይቀዳል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ዝናቡ ያንን ቦይ ተከትሎ ይወርዳል፤ ቦዩ ጎርፍ ይሆናል፤ ጎርፉም ከታች ወንዝ ዳር የሚኖረውን ሰው ደጅ ያንኳኳል። "ጭቃ ላይ መንዳት ይጣፍጣል" ብሎ በክረምት የሚወጣ ቡድን የሌላውን ሰው ሰኔ ለነሐሴ እያበደረ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር "ለጥቂት ሰው መዝናኛ ይህን ያህል ምን አስጮኸ?" የሚል ይኖራል። ያስጮኸው የቅርብ ታሪክ ነው።

ሰኔ 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ በኩል የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን መገደቡን አስታወቀ። የተሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ፈቃድ ላላቸው ድርጅቶች፣ ለፖስታና ለኤምባሲዎች በር ተተወ። ሌላው ሞተሩን እንዲያቆም ተባለ። ጥፋቱ የጥቂቶች ነበር፤ ቅጣቱ ግን በጅምላ ወረደ። ያን ጊዜ ማን ተጎዳ? ለመዝናኛ የሚነዳው ሰው የጠፋበት ቅዳሜው ነው። ዕቃ አድርሶ፣ መልእክት አመላልሶ የሚያድረው ወጣት የጠፋበት ግን እራቱ ነው።

የከተማችን አሠራር ይህ እስከሆነ ድረስ አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ አንዲት እናት በሞተር ብትገጭ ቀጥሎ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስብሰባ ይጠራል፤ መግለጫ ይወጣል፤ መግለጫው ውስጥ "የጫካ ሞተር" እና "የሥራ ሞተር" የሚል ልዩነት አይኖርም። ሽቅብ የነዳው ሌላ፣ ቁልቁል የሚከፍለው ሌላ ይሆናል። የሳምንት መጨረሻው ጉዞ የግል ጉዳይ ነው የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አስተዳደሩም ከዚህ ክስ ነፃ አይወጣም። መከልከል ቀላል ነው፤ አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ይበቃዋል። ቦታ መለየት ግን ሥራ ይጠይቃል። እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ለእግረኛው፣ ለብስክሌቱና ለፈረሱ ታስቦበት ነበር። ለእነዚህ ማሰብ ከተቻለ ለሞተር ስፖርትም ከሰው መንገድ የራቀ፣ ድንጋይ የወጣበት አሮጌ ካባ ፈልጎ መከለል ለምን ያቅታል? በኦስትሪያ ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ የሚካሄደው ዝነኛው የኤርዝበርግ የሞተር ውድድር የሚደረገው የብረት ማዕድን በሚወጣበት ተራራ ላይ ነው። አስቸጋሪ ነው፣ ያስደነግጣል፣ ብዙ ሰው ይስባል፤ እንጨት ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ግን የለበትም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የትሬይል ራይደርስ ፌሎውሺፕ የተባለ የሞተረኞች ማኅበር አባላቱ በትንንሽ ቡድን እንዲነዱ፣ ፈረስ ሲያጋጥማቸው ሞተር እንዲያጠፉ ያስተምራል። ደንቡን ያወጡት ሞተረኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ መንገዱ እንዳይዘጋባቸው።

እዚህስ? አስተዳደሩ ቦታ እስኪለይ ድረስ ቡድኖቹ ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። ብዙም ገንዘብ አይጠይቅም፦

አንደኛ፣ ቀን። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አፈሩ ላይ አለመውጣት። 12፣ 16 እና 21 የዋለበትን ቅዳሜና እሁድ መዝለል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። ንጋት የአትሌቱ ነው፤ ለእሱ መተው። ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ጫካ ውስጥ አለመገኘት፤ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ የጅብ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጥር። አሥራ አምስት ሞተር በአንድ ላይ መውጣት ጉዞ ሳይሆን ሰልፍ ነው። ከስድስት አለመብለጥ፤ ከፊት መሪ፣ ከኋላ ሰብሳቢ ማድረግ፤ በየመታጠፊያው የኋላውን መጠበቅ።

አራተኛ፣ እግር። መሪው መንገዱን ከጉዞው በፊት በእግሩ ይሂድበት። በሚያልፍበት መንደር ያሉ ሰዎችን "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት እናልፋለን፤ ይመቻችኋል?" ብሎ ይጠይቅ። "አይመቸንም" ካሉ መልሱ ተገኝቷል።

አምስተኛ፣ ድምፅ። ማርሚታውን ፈትቶ መንዳት ጀግንነት አይደለም። ሸክም ወይም አህያ ሲያጋጥም መቆም፣ ሞተር ማጥፋት፣ ሰላም ብሎ ማሳለፍ።

ስድስተኛ፣ አደጋ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ሰሌዳና መድን የሌለው ሞተር በፒካፕ ተጭኖ ስለወጣ ግዴታው አይቀርለትም። 939ን እና 907ን ስልክ ላይ መመዝገብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አምቡላንስ በእግር መንገድ ሽቅብ አይወጣም። የተጎዳ ሰው እስከ አስፋልቱ በምን እንደሚወርድ፣ ከዚያም ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ማን እንደሚያደርሰው ከመነሳት በፊት መታወቅ አለበት። የተጎዳው ሞተረኛም ሆነ የመንደሩ ሰው።

"አሁን ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ" የሚሉም ተነስተዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሞተር በከተማው እየበዛ መምጣቱ እውነት ነው። ለአየሩ መልካም ነው። ለዚያች ጎንበስ ብላ ለምትወርድ እናት ግን መፍትሔ አይሆንም። የቤንዚኑን ሞተር ቢያንስ በጆሮዋ ትሰማው ነበር። ድምፅ የሌለውን ሞተር በምን ታውቀው? ዝምተኛ ሞተር ከነጂው የሚፈልገው ጥንቃቄ የበለጠ ነው።

"እንዲህ ከሆነማ ደስታው የት አለ?" ይባል ይሆናል። ደስታው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ሞተር መንዳት ወንጀል አይደለም፤ ወጣቶች ከመጠጥ ቤት ይልቅ ተራራ መምረጣቸው የሚያስመሰግን ነው። ጥያቄው ደስታው በማን ትከሻ ላይ እንደሚጫን ነው። የየካና የእንጦጦ መንገድ ላይ ያለ ትከሻ የሚበቃውን ተሸክሟል።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይላል ያገሬው ሰው። የሚቀጥለው ጉዞ ሊታቀድ ሲል፣ ስለ ቤንዚኑና ስለ ምሳው ከመነጋገር በፊት፣ ከቡድኑ አንዱ "መንገዱን በእግሩ የሄደበት ማን ነው?" ብሎ ይጠይቅ። መልስ የሚሰጥ ከጠፋ፣ ሞተሮቹ በዚያ ሳምንት ከግቢ ባይወጡ የሚጎድል ነገር የለም።