መብራት ባንዲራ አይደለም

ሰሞኑን “ቀይ ባሕር” ሳይባል የሚመሽ ቀን የለም። ስልካችንን በከፈትን ቁጥር ካርታ፣ ቀስት፣ ፉከራ! እኔ የጀጎል ልጅ ነኝ፤ ከባሕር ጋር ጠብ የለኝም። የሐረር ቡና የሚወጣው፣ ጨርቁም የሚገባው በዘይላና በበርበራ ነበር። ግን ፎካሪዎቹን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ መብራቱን ማን ያበራል?

ቀልድ አይደለም። በ1875 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሐረርን የያዘችው፣ አሚር መሐመድን ያስገደለችው ግብፅ በርበራ ላይ ለመርከቦች የመብራት ማማ አቁማ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ በርበራን፣ በ1885 ደግሞ ሐረርን ለቃ ወጣች። ማማው ርስት አልሆነላትም።

ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ጀበል ጠይርና አቡ አይል የሚባሉ ድንጋያማ ደሴቶች አሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኦቶማኖች ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ፈቃድ ሰጥተው መብራት አስተከሉባቸው። ቱርክ ሄደች፤ እንግሊዝ ከኤደን ሆና ተንከባከበቻቸው። በ1962 ደግሞ መርከብ ያላቸው አገሮች ወጪውን ሊካፈሉ ተፈራረሙ። ለምን ቢባል፣ ድንጋዩ በጨለማ የመጣችበትን መርከብ “ባንዲራሽ የማን ነው?” ብሎ አይጠይቅማ!

በ1995 ኤርትራና የመን ሐኒሽ ላይ ተታኮሱ። በ1998 የግልግል ዳኞቹ ደሴቶቹን ሲያከፋፍሉ፣ መብራት መንከባከብ በተለምዶ የሉዓላዊነት መለኪያ አይደለም አሉ። እርግጥ በ1989 የመን መብራቶቹን እንድትረከብ መደረጉን ከቁም ነገር ቆጥረውላታል። “ታዲያስ!” የሚለኝ አይጠፋም። ታዲያማ የተቆጠረላት ሌሎች አምነው ሥራውን መስጠታቸው ነው እንጂ ፉከራዋ አይደለም።

ወደብ አያስፈልገንም አላልኩም። ያስፈልገናል፤ አብዛኛው ንግዳችን ዛሬም በጅቡቲ ነው የሚያልፈው፤ ክፍያውም ቀላል አይደለም። የምቃወመው ባሕርን እንደ ጠፋ ንብረት ብቻ የሚያይ ጩኸት ነው። ባሕር ሥራ ነው፤ መብራት፣ ጥገና፣ ውል፣ የጋራ ወጪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለው ጎረቤት እምነት።

አሚር ኑር ያሠራው ግንብ ከተማችንን ጠብቋታል፤ ያበላት ግን በሩ ነው። በሩም የሚያበላው ከዘይላ የሚመጣው ግመል ነጂ በሰላም ገብቶ በሰላም እንደሚወጣ ሲያምን ብቻ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ቀጣዩን ካርታ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ውል አንብቡ። ጦርነቱ ቢመጣ የሚዘምተው ካርታው አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።