ጭላዳ «ባቡን» አይደለም

«የአስጎብኚ እንግሊዝኛ ከተግባባ ይበቃል፤ ጭላዳን ባቡን ቢሉትም ጉዳት የለውም» የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጉዳትማ አለው! ጎንደር አቅራቢያ፣ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ «ጌላዳ ባቡን» የሚል አስጎብኚ ዓይኑ ሥር ያለውን እንስሳ ለሌላ ወገን እየሰጠ ነው። ባቡን ያገኘውን የሚበላ፣ በአፍሪካ ብዙ አገሮች የሚገኝ ነው። ኬንያም ሞልቷል። ጭላዳ ግን ሣር ግጦ አዳሪ ነው፤ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ ሣሩን በጣቶቹ ይነጫል፣ በበጋ ሥር ይቆፍራል። (የገብስ ማሳ አይደፍርም አልልም፤ የደጋው ገበሬ ያውቀዋል።) ከወገኑ ዛሬ የቀረው እሱ ብቻ ሲሆን፣ የሚኖረውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው።

ጸሐፊው «ፈረንጆቹ ራሳቸው እንዲያ ይሉታል» ይላሉ። አንዳንዶቹ ይላሉ፤ ተሳስተዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው «ጭላዳ» የሚለውን የአገሬውን ስም ነው «ጌላዳ» ብሎ የወሰደው። በ1843 ደግሞ የራሱ ወገን ተለይቶለታል። ስማችንን ተቀብለው ሳለ የተሳሳተ ጅራት የምንቀጥልበት እኛ ለምን እንሁን? የጎንደር የአስጎብኚዎች ሥልጠና «ባቡን» የሚለውን ቃል ይሰርዝ። «ጌላዳ» ብቻውን ይበቃል።