የአንድ ሰው ስልክ ቢሮ አይደለም

ወልድያ ላይ ጠበቃ ወይም የሒሳብ ባለሙያ የቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ጎበዝ አለ?» ብሎ ነው። መልሱ ምንጊዜም የአንድ ሰው ስም ነው። ስሙ ወደተጠራው ባለሙያ ደጃፍ ሲሄድ ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከጊራና የመጣ ባለጉዳይ ጋቢውን ተከናንቦ ተራ ይጠብቃል። ይህን ያየ ሁሉ «ቢሮ ማለት ይሄ ነው» ይላል። ከዓመት ዓመት የወረፋው ርዝመት የጥሩ አያያዝ ማስረጃ ተደርጎ ተወሰደ። እኔ ደግሞ ያ ወረፋ የብልሹ አያያዝ ምልክት ነው እላለሁ። ደጅ የሚጠናው ሁሉ አንድ ሰው ነው የሚጠብቀው፤ ያ ሰው ለቅሶ የሄደ ዕለት ቢሮው የለም።

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ይግባኝ የሚባለው ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ በበቂ ምክንያት ማስፈቀድ ይቻላል፤ የጠበቃ ጥፋት ግን እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። አንድ ዘመዴ ሀብሩ ላይ በመሬት ክርክር ተፈርዶበት የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ ወልድያ ወደ አንድ ስመ ጥር ጠበቃ መጣ። ጠበቃው ወረቀቱን ተቀብሎ «አለሁልህ» አለው። ብዙም ሳይቆይ ታሞ አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደ፤ ስልኩም ተዘጋ። ቢሮውን የምትጠብቀው ልጅ መዝገቡ የት እንደተቀመጠ አታውቅም፤ የነገራት የለም። ዘመዴ ሦስት ጊዜ ከመርሳ ተመላልሶ፣ በአራተኛው ምልልሱ የይግባኙ ቀን ማለፉን ከፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ሰማ። መሬቱ የአባቱ ነበር።

ያ ጠበቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሙያውም የሚያማው አላየሁም። የጎደለው ቀጠሮና የይግባኝ ቀን የሚጻፍበት አንድ የጋራ መዝገብ፣ እሱንም በየጠዋቱ ገልጦ የሚያይ ሁለተኛ ሰው ነው። ይህን ያህል ርካሽ ነገር ነው የገበሬውን መሬት ያስበላው።

የሒሳብ ቢሮዎቻችንም የሚተርፉ አይደሉም። ነጋዴው የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል አጭቆ ይመጣል፤ መዝገብ የሚይዝ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ስላለበት ባለሙያው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ አጥቶ ይሠራል። በዚህ ድካሙም ይመሰገናል። በየወሩ ደረሰኙን ሰብስቦ የሚመዘግብለት ረዳት ቢያሠራ ኖሮ ጥቅምት እንደማንኛውም ወር ባለፈ ነበር።

ለምን አያሠራም ብዬ ስጠይቅ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ወጣቱ ሥራውን ከለመደ ደንበኛዬን ይዞብኝ ይሄዳል»። በየዓመቱ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ የሚመረቁ ልጆች በዚህ ፍርሃት የተነሳ ባንክና ግምጃ ቤት ደብዳቤ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ልጁ ግን ሥራ ስላልተሰጠው ነው የሚሄደው። የሙያ አገልግሎት ድርጅቶችን አስተዳደር ሲያጠና የኖረው ዴቪድ ማይስተር በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ፣ ለባለጉዳዩ ከሚሰጠው አገልግሎት እኩል ለሠራተኛው የሚያረካ የሥራ ሕይወት መስጠትንም የድርጅቱ ዓላማ አድርጎ አስቀምጦታል። ታናሹ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ አለቃው ይዞት ሲቀር ሁለቱም ይከስራሉ።

«የወሎ ሰው የሚያምነው ሰውን እንጂ ድርጅትን አይደለም» የሚሉኝም አሉ። ይህን የሚል ሰው ቅሬውን፣ የቀብር ዕድራችንን፣ ይመልከት። የቅሬው ዳኛ ሲሞት ያው ቅሬ ይቀብረዋል፤ በማግስቱ ሌላ ዳኛ ይሰየማል፤ የአባላት ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። አያቶቻችን ሰው ሲያልፍ የማያልፍ ድርጅት ማቆም ያውቁበት ነበር።

ሕጉም መንገድ ከፍቷል። በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች በግል ፈቃድ ብቻ እንዲሠሩ ተወስነው ቆይተው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ተፈቀደላቸው። ግን በር ላይ ሁለት ስም መጻፍ ብቻውን ድርጅት አያደርግም። ሁለቱ ሰዎች መሳቢያቸውን ለየብቻ ከቆለፉ ኪራይ ተጋሩ እንጂ ሥራ አልተጋሩም።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ በቆየችበት ጊዜ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ ቅጂ የተቀመጠ ሰነድ ምን ዓይነት ዕጣ እንደሚገጥመው ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በኋላም የባለጉዳይን ውልና የይዞታ ማስረጃ ሁለተኛ ቅጂ ሳያስቀምጡ መሥራት ይቅርታ የሚደረግለት ስንፍና አይደለም።

እናንተ የመርሳና የሀብሩ ሰዎች፣ የሚቀጥለውን መዝገብ ይዛችሁ ወልድያ ስትመጡ የወረፋውን ርዝመት አትዩ። ወረቀታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ባለሙያውን «እርስዎ ባይኖሩ ጉዳዬን የሚያውቀው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም ካልጠራላችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ።