የሙያ ዓምድ፦ ለኤሌክትሪክ ሥራ ለማጅ መጀመሪያ ምን ይገዛለት?

በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ አዲስ ቤት ሲሠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል። ግድግዳው ቢቆም፣ ጣሪያው ቢመታ፣ መብራት ካልገባ ቤቱ አላለቀም። ስለዚህ ልጃቸውን ለዚህ ሙያ የሚሰጡ ወላጆች አሉ። ልጁ ከአንድ ባለሙያ ሥር ገብቶ ሥራውን እያየ ይማራል። እንዲህ ያለውን ጀማሪ ለማጅ እንለዋለን።

ልጁ ሥራ ሊጀምር ሲል ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ምን መሣሪያ ይገዛለት?

ፍየል ይሸጥና ገንዘብ ይገኛል። ገንዘቡ ጥቂት ነው። ሱቅ ሲገባ ትልቅ ሳጥን ይታያል። በውስጡ ሠላሳ አርባ ዓይነት ዕቃ ተደርድሯል። ዋጋውም ርካሽ ነው። አባት «ይኸማ ሁሉንም ይዟል!» ብሎ ሊገዛ ይነሣል። እኛ ግን ቆም ይበሉ እንላለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ መጥፎ መሣሪያ የሚያጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የልጁን ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል።

የዛሬው ምክራችን አጭር ነው። ጥቂት ግዙ፤ ጥሩውን ግዙ። ከሁሉም በፊት ሕይወት የሚጠብቀውን ግዙ።

ኮረንቲ ሰውን እንዴት ይጎዳል?

የአዋሽን ወንዝ ተመልከቱ። በቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ ውሃው ከከፍታ እየወረደ መዘውር ያዞራል፤ ኤሌክትሪክም ያመነጫል። ውሃ ከከፍታ ሲወርድ ይገፋል። ኮረንቲም በሽቦ ውስጥ የሚሄደው የሚገፋው ኃይል ስላለ ነው። ይህ ግፊት በቮልት ይለካል። በአገራችን ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው።

የሚፈሰው የኮረንቲ መጠን ደግሞ በአምፔር ይለካል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ሲበራ የሚያልፍበት ሩብ አምፔር ያህል ነው። ሰውን ለመግደል ያን ያህል እንኳ አያስፈልግም። ከዚያ በጣም ያነሰ ኮረንቲ በልብ በኩል ካለፈ ይበቃል።

ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በመጠኑ ይከላከላል። በላብ የራሰ ቆዳ ግን በቀላሉ ያሳልፈዋል። የሰመራን ሙቀት የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ገና በጧቱ እጅ በላብ ይርሳል። ሙቀቱ ጫማ አውልቁ፣ አውልቁ ይላል። ስለዚህ በቆላ የሚሠራ ለማጅ ከደጋው ለማጅ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

አምስቱ የመጀመሪያ ዕቃዎች

1ኛ፣ ቴስተር። ሽቦው ኮረንቲ እንዳለው የምናውቅበት ነው። ትንሽ ካቻቪቴ ይመስላል። በመያዣው ውስጥ ትንሽ መብራት አለች። ጫፉ ሽቦውን፣ ጣት ደግሞ ከኋላ ያለውን ብረት ሲነካ ኮረንቲ ካለ መብራቷ ትበራለች። ለማጁ መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞክረው። ከበራች ቴስተሩ ደኅና ነው። ቀጥሎ የሚሠራበትን ሽቦ ይሞክር። በመጨረሻም ወደ ሶኬቱ ተመልሶ እንደገና ይሞክር። በጠራራ ፀሐይ መብራቷ በደንብ ስለማትታይ በእጅ ጥላ አድርጎ ማየት ነው። አልበራችም ተብሎ ወዲያው ሽቦ አይነካም። ቆይቶ ገንዘብ ሲገኝ ሁለት ዘንግ ያለው፣ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ይገዛ። ከትንሿ መብራት ይልቅ እሱ ይታመናል።

2ኛ፣ ፒንሳ። መያዣው ላስቲክ ስላለበት ብቻ ኮረንቲ ይከላከላል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ላስቲክ እጅ እንዳያዳልጥ ብቻ የተደረገ ነው። ታዲያ በምን ይታወቃል? በማንበብ ይታወቃል። መያዣውን አገላብጣችሁ 1000 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ከታች የተጋጠሙ፣ ከላይ የተራራቁ ሁለት መስመሮች አሉ። ይህ ቮልት ለማለት የሚጻፍ የፈረንጅ ፊደል ነው። ሁለት ሦስት ማዕዘኖችም ተደራርበው ይታያሉ። መያዣው እስከ 1000 ቮልት ላለው ሥራ የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። ምልክቱን አስመስለው የሚያትሙም ስላሉ ከታወቀ ሱቅ ግዙ። ባለሙያው አብሯችሁ ቢሄድ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

3ኛ፣ ሁለት ካቻቪቴ። አንዱ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጫፉ መስቀል የሆነ ይሁን። በእነዚህም ላይ ያንኑ ምልክት ፈልጉ። ብረቱ እስከ ጫፉ ድረስ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቢሆን ይመረጣል። ቴስተሩ ካቻቪቴ ቢመስልም ጠንካራ ብሎን አይፈታበትም፤ ይሰበራል።

4ኛ፣ የሽቦ መላጫ። አንዳንድ ለማጅ ሽቦን በጥርሱ ወይም በምላጭ ይልጣል። ጥርስም ይጎዳል፣ ሽቦም ይጎዳል። ምላጭ መዳቡን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ቦታ ይቀጥናል፤ ሊሰበርና ሊግል ይችላል። ቤት የሚያቃጥል እሳት ከዚህ ሊነሣ ይችላል። ለመብራት የተለመደው ሽቦ 1.5፣ ለሶኬት ደግሞ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። መላጫው እነዚህን ሁለቱን በደንብ የሚልጥ ይሁን።

5ኛ፣ ናስትሮ። የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ነው። ፀሐይ ላይ ከተተወ ሙጫው ስለሚለቅ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ነገር ልብ በሉ። የተሰነጠቀ የፒንሳ መያዣ በናስትሮ ተጠቅልሎ አይሠራበትም። ከተሰነጠቀ ይቀየር።

ከአምስቱ ጋር ድፍን ጫማ ያስፈልጋል። ሶሉ ጎማ፣ ውስጡም ደረቅ ይሁን። ላብ ማድረቂያ ትንሽ ፎጣም አትርሱ።

መዶሻው፣ መሮው፣ መሰላሉና መብሻውስ? እነዚህ ብዙውን ጊዜ ባለሙያው ዘንድ አሉ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ባለሙያውን ጠይቁ። «ከአንተ ዘንድ ምን አለ? ልጁ ምን ይዞ ይምጣ?» በሉት። ልጁ ሲሠራና ሲከፈለው የቀረውን ቀስ በቀስ ይገዛል።

መሣሪያ ብቻውን አያድንም

ጥሩ ፒንሳ ተይዟል ተብሎ ኮረንቲ ባለው ሽቦ ላይ አይሠራም። በመጀመሪያ ኮረንቲው ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ማጥፊያ ይጥፋ። ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያበራው ጠባቂ ይቁም ወይም ይቆለፍ። ከዚያ በቴስተር ይሞከር። ሥራው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

አዋሽ ላይ ለሚኖሩ አንድ ነገር እንጨምር። በከተማዋ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም ነው። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይይዛል። ይህ ከቤት ኮረንቲ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። የቤት ቴስተርም ሆነ 1000 የተጻፈበት ፒንሳ ለዚህ አልተሠራም። ለማጅ አይጠጋው። እረኛም ረጅም ዱላ ወይም ብረት ወደዚያ አያንሣ።

የመጨረሻውና ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሥራ ሲያስቸኩል «አታጥፋው፣ ቶሎ ጨርስ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለማጁ «ይጥፋ» ሲል «ፈሪ!» ተብሎ ይሳቅበታል። ልጅ ደግሞ ፈሪ ከመባል ሞትን ይመርጣል። ስለዚህ መሣሪያውን ስትሰጡት አብራችሁ ይህን ንገሩት። «ልጄ፣ ኮረንቲን መፍራት ነውር አይደለም። ሥራው ቢቀር ይቅር፤ አንተ ማታ በደኅና ግባልን» በሉት። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ግን ልጁን ያድነዋል።

ተነጋገሩበት

1. ላብ ያለበት እጅ ለምን ይበልጥ አደገኛ ሆነ?
2. በቤታችሁ ያለውን ፒንሳ አምጡና መያዣውን አንብቡ። ምን ተጽፎበታል?
3. ቴስተር ሦስት ጊዜ የሚሞከረው ለምንድን ነው?
4. አለቃው «አታጥፋው» ቢለው ለማጁ ምን ብሎ ይመልስ?